ታሪክ ያለው የእግር መንገድ ከትንንሽ ልጆች ጋር

ሰላም እህቴ፤ የ5 እና የ8 ዓመት ልጆችሽን ይዘሽ የምትሄጂበት፣ ታሪክም ያለው የእግር መንገድ እንዴት እንደሚመረጥ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ መንገድ ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ፣ ሐዲዱ ሲዘረጋ ኮረብታው ተቆርጧል፣ ጎድጓዳው ተሞልቷል፣ ወንዙም ድልድይ ተሠርቶለታል። ዛሬ ሐዲዱ ቢነሳም መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ ለትንሽ እግርም ለሕፃን ጋሪም ይመቻል። ታሪኩም እዚያው ቆሟል፦ ዋሻው፣ ድልድዩ፣ የጣቢያው ሕንፃ። ልጆች በዓመተ ምሕረት አይማረኩም፤ «ባቡሩ እዚህ ቆሞ ውኃ ይሞላ ነበር» ስትያቸው ግን ጥያቄያቸው አያልቅም። የኒውዮርኩ ሃይ ላይን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1934 ለዕቃ ባቡር የተከፈተ ሐዲድ ነበር፤ ከ2009 ጀምሮ መናፈሻ ሆኗል።

የጥንት ግንብ የሚከተሉ መንገዶችም ግሩም ናቸው፤ ዳገታቸው ግን ይከብዳል። በእንግሊዝ የሐድሪያን ግንብ መንገድ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእንዲህ ዓይነቱ አጭር ቁራጭ ብቻ ምረጪ።

መጸዳጃ ቤቱ የት እንዳለ ቀድመሽ አጣሪ። ልጆቹ ሳይደክማቸው ተመለሱ፤ መመለሻውም መንገድ ነውና።