ጠይቁን፦ «ለዚህስ አፕ በተሠራለት!»

ጥያቄ፦ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። 140 አባላት አሉን፤ መዋጮውንም ቅጣቱንም የምንይዘው በደብተር ነው። «ከፍያለሁ»፣ «አልከፈልክም» የሚለው ጭቅጭቅ አያልቅም። ልጄ «አፕ ልሥራልህ» እያለኝ ነው። ምን ምን ይኑረው? (ከደሴ)

መልስ፦ አፑን ለ140ው አባል ሳይሆን ለእርስዎ ብቻ ይሥራው። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ አባላት አፕ መጫን አይችሉም፤ አጭር መልእክት ግን ይደርሳቸዋል። ጭቅጭቁ የሚነሳው ከፋዩ እጅ ላይ ማስረጃ ስለማይቀር ነውና ሰውየው ገና ከፊትዎ ሳይሄድ መልእክቱ ይላክለት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ወጪ አለ። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ ግን 70 ብቻ ነው። 71ኛዋ ስትገባ የሁለት መልእክት ሂሳብ ይቆረጣል። «የጥቅምት መዋጮ 100 ብር ደርሷል። ቀሪ ዕዳ የለብዎትም።» ከነክፍት ቦታው 36 ነው፤ የአባሉን ስም ቢጨምሩበትም ይበቃል። «ክቡር የእድራችን አባል» ብሎ መጀመር ግን ቦታ ይፈጃል። ጎግል ፕሌይ ራሳቸው መልእክት በሚልኩ አፖች ላይ ጥብቅ ስለሆነ፣ አፑ ጽሑፉን አዘጋጅቶ የስልኩን የመልእክት ገጽ ይክፈት፤ «ላክ» የሚለውን እርስዎ ይጫኑ።

መዝገቡ ላይ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይሰረዝ። 100 ብር በስህተት ለሌላ ሰው ከገባ፣ የ100 ብር ተቃራኒ መስመር ከነምክንያቱ ይጨመር እንጂ የፊተኛው አይጥፋ። ኦዲተር ሲመጣ የሚያድንዎ ይኸ ነው። አባል የሚለየው በስም ሳይሆን በአባልነት ቁጥር ይሁን፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። በስም ሲፈለግም ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እንደ አንድ ይታዩ። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወር ቆጥሮ በአባላቱ ሁሉ ላይ ዕዳ እንዳይጽፍም ይጠንቀቅ። አንድ ነገር ግን አይሞክር፦ ገንዘቡ ራሱ በአፑ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ። እሱ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የአውሮፕላን ትኬት ወደ አገር ቤት በላክን ቁጥር ተቀባዩ በሰዓቱም በቀኑም ይሳሳታል። የፈረንጁን ወደ ሀበሻ የሚቀይር አፕ ልሠራ ነው፤ 6 ሰዓት መቀነስ ብቻ አይበቃም? (ከዱባይ)

መልስ፦ ለሰዓቱ ይበቃል፤ ሰው የሚሳሳተው ግን ቀኑ ላይ ነው። ትኬቱ «ረቡዕ 02:10» ይላል እንበል። 8፡10 ማለት ቀላል ነው። ግን «ረቡዕ ሌሊት 8፡10» ብለው ከጻፉ ቤተሰቡ ረቡዕ አምሽቶ ቦሌ ይሄዳል፤ እንግዳው ከገባ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ላለው ሰዓት ሁሉ አፑ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 8፡10» ብሎ ይጻፍ። ከሥሩ «ማክሰኞ ማታ ከቤት ውጡ» ቢል ደግሞ ማንም አይሳሳትም። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት የማይል ሰዓት ጨርሶ አይታይ። ትኬት ላይ ያለው የመነሻም የመድረሻም ሰዓት የየአገሩ ነው፤ ዱባይ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ለተቀባይ የሚቀየረው የመድረሻው ብቻ ነው።

ቀን መቁጠሪያውን ከባዶ አይጻፉት። በነፃ የሚገኘው የአይሲዩ (ICU) ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የፕሮግራም ኮድ ስብስብ፣ የእኛን አቆጣጠር ይዟል። ብቻ በእነዚህ ይፈትኑት፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11፣ 2024። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ የአንድ ቀን ልዩነቱ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል፤ የ2016 ገና ታኅሣሥ 28 የዋለውም ለዚህ ነው። ሁልጊዜ 29 የሚል አፕ ሲያዩ ሠሪው አልፈተነውም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያውም ሌሊት። «ውሃ መጣ» የሚል አፕ ያዋጣል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለከተማው ሁሉ ከሆነ አያዋጣም፤ ሌሊት ተነስቶ የሚዘግብ ሰው አያገኙም። ለአንድ ብሎክ ከሆነ የቴሌግራም ቦት (ቴሌግራም ውስጥ በራሱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም) ይበቃል፦ ጥበቃው አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ለሁሉም ይደርሳል። እያንዳንዱ ነዋሪ ግን ቀድሞ ቦቱን ከፍቶ «ጀምር» ማለት አለበት፤ ቦት ያልጀመረውን ሰው ቀድሞ ማናገር አይችልም። ምዝገባው ላይ ፎቁን ይጠይቁ። ምድር ቤት ሲፈስ ግፊቱ አንሶ 4ኛ ፎቅ ጠብ ላይል ይችላል፤ ሁለት ሌሊት በከንቱ የተቀሰቀሰ ሰው ቦቱን ዝም ያሰኘዋል። ስለዚህ ለላይኛው ፎቅ የሚሄደው መልእክት እዚያው ፎቅ ካለ ሰው ይምጣ።