«የተዘበራረቀ» ወይስ «ያልተደረደረ»?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በማዘጋጀው ጽሑፍ ላይ «ሥርዓት የለሽ ናኖ ቅንጣቶች የቁሶችን ብርሃን የማንጸባረቅ አቅም ይጨምራሉ» ብዬ ጻፍሁ። ባልደረባዬ «ሥርዓት የለሽ ስድብ ነው፤ የተዘበራረቁ በል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ባልደረባዎ ስድብ ነው ማለታቸው እውነት አላቸው። ሥርዓት የለሽ የሚባለው ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው የማይነሳ ልጅ ነው። «የተዘበራረቀ»ም ግን አይሻልም። የተዘበራረቀ ነገር መጀመሪያ መልክ ነበረው፤ አንዱ መጥቶ አበላሸው። እነዚህ ናኖ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ደግሞ ከጥንቱም ተራ ይዘው አያውቁም። እኔ ብሆን «ያልተደረደሩ» እላለሁ። ማንንም አይወቅስም።

ለተማሪዎቹ ቃሉ እዚያው አገራቸው አለ። መንዝ ውስጥ ድንጋይ ተመርጦ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተስማምቶ ሲቀመጥ ካብ ነው። ከእርሻ ተለቅሞ ዳር ሲጣል ክምር ነው። ድንጋዩ ያው ነው። በካብ መልክ የተደረደሩ ቅንጣቶች ይበልጥ የሚመቹት ለተወሰነ የብርሃን ቀለምና አቅጣጫ ነው። ክምሩ ያን ያህል አይመርጥም።

የኔ ቅሬታ ግን ሁለታችሁም ያለፋችሁት ቃል ላይ ነው፤ «ማንጸባረቅ»። መስተዋት ያንጸባርቃል፣ የራሱ ብርሃን የለውም። ከቁሱ ከራሱ ለሚወጣው «ማመንጨት» ይበሉ፤ የምንጭ ዘመድ ነው።

ሦስተኛም ግስ ያስፈልግዎታል፤ «መበተን»። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገብታችሁ ሾፌሩ ረጅሙን መብራት ሲለቅ አይተው ይሆናል። መንገዱ ይጠፋና ነጭ ግድግዳ ፊትዎ ይቆማል። ብርሃኑን ያመነጨው አምፖሉ ነው፤ ጉሙ በተነው እንጂ። ቅንጣቶቹም የጉሙን ሥራ ነው የሚሠሩት። ብርሃኑ ካንዱ ወደ ሌላው ሲላተም ቶሎ መውጫ ያጣል። እዚያው ሲንከራተት በቁሱ ውስጥ ያለውን ብርሃን አመንጪ ማቅለሚያ ደጋግሞ ያገኘዋል፤ ማቅለሚያውም ይበልጥ ያመነጫል። በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ቅንጣቶችን እንዲህ ባለ ማቅለሚያ ውስጥ ቢጨምሩ፣ ሌዘር በተለምዶ የሚፈልገው መስተዋት ሳይኖር ሌዘር የሚመስል ብርሃን አገኙ። ይኸው ዱቄት ነው የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣው።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገርዎ «ያልተደረደሩ ናኖ ቅንጣቶች ብርሃንን እየበተኑ፣ ቁሱ የሚያመነጨውን ያጎላሉ» ይሁን። «ናኖ»ን አልነካሁትም። «ደቃቅ» ብለው ቢተኩት ተማሪው በርበሬ ነው የሚመጣበት።