ወጣት ፈረስ በደንገላሳ ሲያይል

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። አጎቴ እቤቱ ተወልዶ ያደገ የአራት ዓመት ዳማ ፈረስ ሰጥቶኛል። እስካሁን የጋለብሁት የአባቴን ሽማግሌ ፈረስ ብቻ ነው። ወጣቱ ፈረስ በእርምጃም ሆነ በሶምሶማ ጨዋ ነው፤ ደንገላሳ (ከሶምሶማ የሚፈጥነውን የዝላይ ሩጫ) ሲጀምር ግን ዝላዩ ረጅምና ኃይለኛ ስለሆነ ከኮርቻው እያነሣ መልሶ ያላትመኛል። ዛቡን (የልጓሙን መያዣ ገመድ) ስስብም ከመብረድ ይልቅ ይብስበታል። ጎረቤቶቼ «ልጓሙን ጠበቅ አድርገህ ያዝ» ይሉኛል። ምክራቸው ትክክል ነውን? ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓልስ ሊደርስልኝ ይችላልን?

መልስ፦ ከገለጻዎ እንደምንረዳው ፈረስዎ እልኸኛ አይደለም፤ ጉልበቱ ሚዛኑን ቀድሞታል። በደንገላሳ ፈረስ መሬትን የሚመታው በሦስት ምት ነው። ወደ ግራ ሲዞር በመጀመሪያ ቀኝ የኋላ እግሩ ይመታል፤ ቀጥሎ ግራ የኋላና ቀኝ የፊት እግሩ በአንድነት ያርፋሉ፤ በመጨረሻም ግራ የፊት እግሩ ይመታና አራቱም እግሮች ለአፍታ ከመሬት ይነሣሉ። ዝላዩ ረጅም የሆነ ፈረስ በዚያች አፍታ ጋላቢውን በኃይል ያነሣዋል፤ ጋላቢው ዘግይቶ በጀርባው ላይ ሲወድቅበት ደግሞ ፈረሱ ከክብደቱ ለመሸሽ ይፈጥናል። የአራት ዓመት ፈረስ ቋሚ ጥርሱ እንኳ ገና አልተሟላም፤ የጀርባው አጥንት ዕድገት የሚያበቃውም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ተሸክሞ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ማዛወር ስለሚቸግረው በፊት እግሮቹ ላይ ይደገፍና እንዳይወድቅ ሲል ይሮጣል።

የጎረቤቶችዎን ምክር የማንቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ ባህላዊው ባለ ቀለበት ልጓም የታችኛውን መንጋጋ ስለሚከብብና ዛቡ ሲሳብ ላንቃውን ስለሚጫን፣ ዘወትር ጠብቆ የተያዘበት ወጣት ፈረስ አፉን ይከፍታል፣ አንገቱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ጀርባውን ወደ ታች ያሰረጉዳል፤ ሕመሙንም በመሮጥ ለማምለጥ ይሞክራል። በመሐሉ የሚታጠፍ፣ ቀለበት የሌለው ልጓም ቢያገኙ እጅግ የተሻለ ነው። ባያገኙም ዛቡን ሳብ አድርገው ወዲያው ይልቀቁ፤ የሚደገፍበት ነገር ሲያጣ ራሱን መሸከም ይጀምራል።

አቀማመጥዎን ግን በዚህ ፈረስ ላይ አይማሩት። የአባትዎ ሽማግሌ ፈረስ ለዚህ ከማንኛውም መምህር ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። በእርሱ ደንገላሳ ላይ ዛቡን በአንድ እጅ፣ ጋማውን በሌላው ይዘው፣ በጉልበትዎ ሳይቆነጥጡ፣ ተረከዝዎን ወደ ታች አድርገው፣ ዓይንዎን ከፈረሱ ጆሮዎች አሻግረው መቀመጥን ይለማመዱ። በጉልበቱ የሚቆነጥጥ ሰው ከኮርቻው ወደ ላይ ይገፋል፤ ተረከዙም ሳያውቀው የፈረሱን ጎን ስለሚመታ «ፍጠን» እያለው መሆኑን አያስተውልም። እርካብዎ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባው የጥንቱ ዓይነት ከሆነ፣ ለዚህ ልምምድ ሰፊ እርካብና ተረከዝ ያለው ጫማ ይጠቀሙ፤ በሚወድቁበት ጊዜ እግርዎ ተይዞ እንዳይጎተቱ ያድናል።

ወደ ዳማው ሲመለሱ ከሌሎች ፈረሶች ርቀው፣ ለስላሳና ጥቂት ዳገት ያለው ሜዳ ይምረጡ፤ ዳገት ፈረሱ የኋላ እግሮቹን ከሥሩ እንዲያስገባ ያስገድደዋል። ከ20 ሜትር ያላነሰ ስፋት ባለው ክብ ላይ በረጋ ሶምሶማ ጥቂት ያዙሩት። ከዚያም ከክቡ ውጭ በኩል ያለውን እግርዎን በትንሹ ወደ ኋላ አድርገው ደንገላሳ ይጠይቁት፤ ከኮርቻው ትንሽ ቀና ብለው ክብደትዎን በእርካቡ ላይ ያሳርፉ። ዋናው ጉዳይ መፍጠን ከመጀመሩ በፊት፣ ከስምንት ወይም ከአሥር ዝላይ በኋላ፣ እርስዎ ራስዎ ወደ ሶምሶማ መመለስዎ ነው። በአንድ ቀን ጥቂት ጊዜ፣ በግራም በቀኝም ከሠሩ ይበቃል፤ የደከመ ወጣት ፈረስ ሚዛኑን ያጣና የተማረውን ያበላሻል። ከዚህ አስቀድሞ ግን ጀርባውን በጣትዎ እየተጫኑ ይዳብሱት፤ ከሸሸ ወይም ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ችግሩ ኮርቻው ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አይጋልቡት። ሥራ ሳይኖረው ገብስ ያበዙለት እንደሆነም ቀንሱለት።

ለጥር 23 ዘንድሮ እንዲያደርሱት አንመክርም። በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ ሌሎች ሲጋልቡ ያየ ያልበሰለ ፈረስ ከመንጋው ጋር መሮጡ ተፈጥሮው ነው። በዓሉን በአባትዎ ፈረስ ያክብሩ፤ ዳማውን ከፈለጉ በመሳቢያ ይዞት የሚቆም ሰው አብሮዎት ይምጣ፣ ሕዝቡንና ጩኸቱንም ከዳር ሆኖ ይልመድ። ለመጪው ዓመት ግን ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ፣ ከደንገላሳ ወደ ሶምሶማ ሲሸጋገር አንገቱን ሳይወረውር፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚታዘዝዎ ከሆነ ቀጥ ባለ ሜዳ መጋለብ ይችላሉ።

በልምምዱ መካከል ድንገት ይዞዎት ቢሄድ ሁለቱንም ዛብ በአንድነት አይሳቡ። አንዱን እጅዎን ጋማው ላይ አጽንተው በሌላው በሰፊው ማዞር ይጀምሩ፤ እየበረደ ሲሄድ ክቡን ቀስ በቀስ ያጥብቡት። በፍጥነት ላይ ሳለ በድንገት ቢጠመዝዙት ግን እግሮቹ ይጠላለፉና አብራችሁ ትወድቃላችሁ።