«እስከ መቼ ነው እንግዳ የምሆነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። በአጥቢያችን አንዲት ጃማይካዊት እኅት አለች። እናቷ ኪንግስተን በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ተጠምቀዋል፤ እርሷም ክርስትና የተነሣችው በሰማንያ ቀኗ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምግብ ሳቀርብላት «ሁላችሁም ደጎች ናችሁ፤ ግን እስከ መቼ ነው እንግዳ የምሆነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ነጠላዋንም ያገኛት ሁሉ ያስተካክልላታል። ምን ላድርግ?
ወለተ ሚካኤል

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ሚካኤል፣ ለዚህች እኅት ቅዱስ ጳውሎስ አስቀድሞ መልሶላታል፦ «ከቅዱሳን ጋር ባላገሮችና የእግዚአብሔር ቤተ ሰዎች ናችሁ እንጂ እንግዶችና መጻተኞች አይደላችሁም» (ኤፌ. 2፥19)። ባላገር የሚለውን ቃል ልብ በይው። አገሩ የራሱ የሆነ ሰው ማለት ነው።

እኛ እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን፤ የአብርሃምን ድንኳን እያነሣን ያደግን ሰዎች ነን። ነገር ግን እንግዳ ደኅናው ወንበር ይሰጠዋል፣ ቀድሞ ይጎርሳል፣ ምክር ሲመከር ግን አይጠራም። ደግነታችን ራሱ በር ላይ ሊያቆማት ይችላል።

እኔ ባገለገልሁበት አንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ተደረገ። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሁሉም ነገር በአማርኛ ነበር። ከኋላ አንድ የትሪኒዳድ ሰው፣ የዘወትር አስቀዳሽ ወንድማችን ተቀምጧል። «እጅ አውጡ» ሲባል ግራና ቀኙን አየና እጁን አነሣ። ማንን እንደመረጠ አላወቀም። ሰብሳቢው እኔ ነበርሁ፤ አጠገቡ አንድ አስተርጓሚ ማስቀመጥ እችል ነበር፣ አላደረግሁትም። ያ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በኢየሩሳሌም የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ ማዕድ ቸል ሲባሉ ሐዋርያት ያደረጉትን ተመልከቺ (ሐዋ. 6)። ሕዝቡ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ እያልሽ ብትቆጥሪ የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። ቅሬታ ላሰማው ወገን ምግብ ጨምረውለት ዝም አላሉም፤ ማዕዱን በእጁ ሰጡት። እኛ ደስ እያለን የምንጠቅሰውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ያጠመቀውም ከእነዚያ ሰባቱ አንዱ፣ ፊልጶስ ነው።

ወደ እኛም የመጡት አባቶች ከሌላ አገር ነበሩ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የጢሮስ ሰው ናቸው። ተስዓቱ ቅዱሳንም ልሳናችንን ተምረው መጻሕፍትን ወደ ግእዝ መለሱልን እንጂ በራሳቸው ቋንቋ ካልሆነ አላሉንም። ስለዚህ ቅዳሴው በእንግሊዝኛም ይሰማ ሲባል የሚከፋው ሰው ካለ ይህን አስታውሺው። ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ጃማይካ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የዚህች እኅት ቤተሰብ በቤቱ ከብዙዎቻችን ይቀድማል።

ስለ ነጠላው፦ ሥርዓት ነው፣ ይጠበቅ፤ እርሷም ቢሆን ሥርዓቱን ቀንሱልኝ አላለችም። ነገር ግን በየደረጃው የሚጎትታት እጅ አይብዛ። የክርስትና እናቷ ካሉ እርሳቸው፣ ከሌሉ አንቺ ብቻ፣ ከመግባታችሁ በፊት ለብቻዋ አሳያት። እኛም ትከሻ ለትከሻ መሳሳማችንንና የበርበሬያችንን ብዛት ከሥርዓት አንቁጠር፤ እነዚህ የአገራችን ልማድ ናቸው፣ ብትወዳቸውም ባትወዳቸውም ከሃይማኖቷ አያጎድሉባትም። «ጃማይካዊቷ» ማለትንም ተዉ፤ ክርስትና ስም አላት።

የንስሐ አባቷ እንግሊዝኛ ይችሉ እንደሆነ ጠይቂያት። ኃጢአትን በአስተርጓሚ መናገር ከባድ ነው፤ የማይችሉ ከሆነ ለአስተዳዳሪው ዛሬውኑ ንገሪ።

አንቺ ያለሽበት የጽዋ ማኅበር ካለ አስገቢያት። አስገብተሽም በየወሩ እየመጣች የምትበላ ብቻ አታድርጊያት፤ ተራዋ ሲደርስ ጽዋውን ታንሣ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ወደ ቤቷ ይሂድ። በጾም ቀን ቢውል አትጨነቂ። የአገሯ ሰዎች ሩዝ ከቦሎቄ ጋር በኮኮናት ወተት ይቀቅላሉ፤ ቅቤ ካልገባበት የጾም ነው። እናቶችም ከእርሷ እጅ ተቀብለው፣ እርሷ ወዳሳየቻቸው ቦታ ይቀመጡ።