ጣቴ ደነዘዘ፣ በከሰል አሞቅነው፤ ሁላችንንም ራስ ምታት ያዘን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሰው ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሚኒያፖሊስ ከመጣሁ ይህ የመጀመሪያ ክረምቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሌሊት ሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ደነዘዙ። ቤት ስደርስ ጫፋቸው አመድ መስሎ ደርቆ ነበር። የቤታችን ማሞቂያ ስለደከመ ባለቤቴ ለቡና በረንዳ ላይ ያቀጣጠለችውን ከሰል ሳሎን አስገባችና እጄን እያሸች አሞቀችልኝ። በማግስቱ ጣቶቼ ውሃ ቋጠሩ፤ ጫፋቸው እስካሁን አይሰማኝም። ይቆረጡ ይሆን? ያን ቀን ሁላችንንም ራሳችንን አሞን፣ ትንሿ ልጃችንንም አስመልሷት ነበር፤ ብርድ መቶን ይሆናል ብለን ተኛን። ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁኝ ስለ ጣቶችዎ ነው፤ እመለስበታለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ የጻፉት ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ልጅም ስታስመልስ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብርዱን ሳይሆን ከሰሉን ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሰው እየተነፈሰ አንጎሉና ልቡ አየር ያጣሉ ማለት ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። ጉንፋን ወይም ብርድ ስለሚመስል ሰው ጋደም ይላል። የሚገድለውም ያ እንቅልፍ ነው።

ሁላችንም ያደግነው «ፍም እስኪሆን ደጅ ይቆይ፣ ጭሱ ይውጣ» እየተባልን ነው። ባለቤትዎም በረንዳ ላይ ያቀጣጠለችው ለዚሁ ተጠንቅቃ ነው። ጭሱ ሲወጣ ግን ዓይናችን ከማልቀስ ይድናል እንጂ ጋዙ አይቀርም፤ ደማቅ ቀይ የሆነው ፍም ጭስ ሳይኖረውም ያወጣዋል። አገር ቤት በሩ ገርበብ ይላል፣ በጣሪያውና በግድግዳው መሀል ንፋስ ይገባል። እንዲያም ሆኖ በክረምት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ሲቀሩ ሰምተናል። የሚኒሶታ ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ ማንደጃ ከሰል ለአንድ ሳሎን ብዙ ነው።

ባለቤትዎ ዛሬውኑ ለእርግዝና ክትትል ሐኪሟ ደውላ «ቤት ውስጥ ከሰል ነዶ ሁላችንም ታመን ነበር» ትበል። ጋዙ በእንግዴ ልጅ አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባል፤ ከጽንሱ ደም የሚወጣውም ከእናቲቱ ዘግይቶ ነው። አሁን ደህና መሆኗ ብቻ አያረጋግጥልንም፤ የጽንሱ ደህንነት መታየት አለበት። ትንሿም ልጅ በሐኪም ትታይ። ከመካከላችሁ አሁንም ራሱን የሚያመው፣ የሚረሳ ወይም ግራ የሚጋባ ካለ ሳይዘገይ ይመርመር። ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ ከገጠማችሁ መስኮት ለመክፈት እንኳ ሳትቆዩ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ከዚያ 911 ደውሉ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም አያዘናጋችሁ፤ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን መለየት ስለማይችል ታማሚውን ደህና አስመስሎ ያሳያል።

በሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ፣ ማለትም በ3 ሜትር ውስጥ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል መኖር አለበት። የእናንተ ጮኾ እንደሆነ አልጻፉልኝም። ዛሬ ማታ የመሞከሪያ ቁልፉን ይጫኑት፤ ካልጮኸ ባትሪውን ይቀይሩ፣ ከሌለ አከራይዎን ይጠይቁ። ማሞቂያውንም «ደከመ» ብለው አይለፉት። ተከራዩ ራሱ በማይቆጣጠረው ማሞቂያ የሚሞቅ ቤት ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቢያንስ 68 ፋራናይት፣ 20 ሴልሺየስ ገደማ፣ እንዲሞቅ የግዛቱ ሕግ አከራዩን ያስገድዳል። በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። ቡናው አይቅር፤ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይፈላል። ከሰሉ ግን ቤት አይግባ፣ በር ተከፍቶም ቢሆን።

አሁን ወደ ጣቶችዎ ልምጣ። ውርጭ የገብስ ማሳ ሲመታ አይተው ከሆነ ጣት ላይ የሚሆነውም እሱው ነው። ሰውነት ልብንና አንጎልን ለማሞቅ የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ሙቀት ያጣው ሥጋ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሠራል፣ ሴሎቹን ይጎዳል። ሐኪሞች ፍሮስትባይት ይሉታል። ቆዳው ነጣ ይላል ተብሎ ይጻፋል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን እርስዎ እንዳሉት አመድማ ወይም ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ቀለሙን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይዘናጋል። በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት ጥቁር ወታደሮች በብርድ የሚጎዱት ከነጮቹ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ «እኔ ብቻ ነኝ የማልችለው» ብለው አይፈሩ፣ የሥራ ባልደረባዎ ባዶ እጁን ቆመ ብለውም አይቁሙ።

ማሸትና እሳት ላይ ማሞቅ ሁለቱም ይጎዳሉ። በውስጡ በረዶ ያለበት ሥጋ ሲታሽ ይላላጣል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ሲቃጠል አይሰማውም። ትክክለኛው ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል መንከር ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ባለቤትዎ በክርኗ ትለካው፣ ሕፃን እንደሚታጠብበት ውሃ መሆን አለበት። ሲሞቅ በጣም ያማል፤ ሕመሙ ደም እየተመለሰ መሆኑን ያሳያል። መልሶ ብርድ የሚያገኘው ከሆነ ግን ቤት እስኪደርሱ አያሙቁት፤ ቀልጦ እንደገና የሚረጋ ሥጋ የባሰ ይጎዳል።

ይቆረጣል ወይ ላሉት፦ የቋጠረው ንጹሕ ውሃ ከሆነ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ጥልቅ አይደለም፤ ደም የቋጠረ ወይም የጠቆረ ከሆነ ጥልቅ ነው። ሳያዩ መፍረድ አልችልም፤ ጫፉ እስካሁን ካልተሰማዎት ግን ዛሬ ወይም ነገ ሐኪም ይየው። ውሃውን አያፈንዱት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ ኒኮቲን የጠበበውን ደም ሥር ይብስ ያጠብበዋል። የቴታነስ ክትባትዎንም ይጠይቁ። ከባድ ፍሮስትባይት ለደረሰበት ሰው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚጠቅመው ግን ጣቱ በሞቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ይህን ይያዙልኝ፤ ሞቆም የማይሰማ ጣት ይዞ አይታደርም።

አውቶቡስ ስለሚጠብቁበት ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። በጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳ ነበር፤ ንፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ንፋሱ የሚያስከትለው የብርድ ስሜት ከዜሮ በታች 28 ሲደርስ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ 40 ሲደርስ በ10 ደቂቃ ውስጥ በረዶ ሊመታው ይችላል። ከቤት ሳይወጡ በስልክዎ የንፋሱን ቁጥር ይዩ። አራቱን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዘው ጓንት ጣት ለጣት ከተሠራው ይሻላል፤ ጣቶች እርስ በርስ ይሞቃሉ። ከሥሩ ስስ ጓንት ይልበሱ፣ ስልክ ለመንካት ትልቁን ብቻ ያወልቃሉ። የተጎዱት ሁለቱ ጣቶች ከእንግዲህ ብርድ ቶሎ ይሰማቸዋል፤ በመጪዎቹ ክረምቶችም መጀመሪያ የሚደነዝዙት እነሱ ናቸው። ሲጀምራቸው ጓንትዎን ሳያወልቁ እጅዎን ብብትዎ ውስጥ ይክተቱ፣ አቅራቢያዎ ያለ ሱቅም ካለ ገብተው ይጠብቁ።