«ያለማስተናገድ መብታችን የተጠበቀ ነው» ብሎ መለጠፍ ያድናል?

ጥያቄ፦ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። በሩ ላይ «ያለማስተናገድ መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ ልለጥፍ አስቤያለሁ። ቤቱ የግሌ እስከሆነ ድረስ ያልፈለግሁትን ብመልስ ማን ይጠይቀኛል? የሚያስቸግረውንስ እንዴት ላስወጣ?

መልስ፦ ሕግ ያልሰጠዎትን መብት የተለጠፈ ወረቀት አይሰጥዎትም። በርን ለሕዝብ ከከፈቱ በኋላ «የግሌ ነው» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም፤ በማረፊያ ቤት ላይማ ይብሳል። በእንግሊዝ የቆየ የዳኝነት ሕግ መሠረት የማረፊያ ባለቤት ክፍት ክፍል እያለው፣ መክፈል የሚችልና ሥርዓት የያዘ መንገደኛን ያለ በቂ ምክንያት መመለስ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግም በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ምክንያት እንግዳ መመለስን ከልክሏል። ነፃ ያደረገው፣ የሚከራዩ ክፍሎቹ ከ5 የማይበልጡና ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትን ቤት ነው። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ስለሚለያይ፣ ያሉበት አገር ሕግ የትኞቹን ምክንያቶች እንደሚከለክል አስቀድመው ያጣሩ።

ደንብ ሲያወጡ ድርጊትን እንጂ ሰውን አይጥቀሱ። «ያለ መታወቂያ ክፍል አንሰጥም» ይሠራል። «ለቤታችን የማይመጥን አይገባም» ግን ውሳኔውን ለተረኛው ሠራተኛ ግምት ይተወዋል፤ ክስ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው። ደንቡ ጥሩ ሆኖም አፈጻጸሙ ያበላሸዋል፦ የሚያውቁትን ሰው ያለ መታወቂያ አሳድረው እንግዳውን «ደንብ ነው» ብለው ከመለሱት፣ ደንቡ ራሱ ይመሰክርብዎታል።

የሚያስቸግረውን መጀመሪያ ምን እንዳጠፋ በግልጽ ነግረው ያስጠንቅቁት። ካልተወ፣ እንዲወጣ የሚነግረው አንድ ኃላፊ ብቻ ይሁን፤ ሦስት ሠራተኛ ሲከበው ነገሩ ወደ ጠብ ይሄዳል። ያላደረባቸውን ሌሊቶች ሒሳብ ወዲያው መመለስ ብዙ ክርክር ያስቀራል። እምቢ ካለ ፖሊስ ይጥሩ እንጂ አይጎትቱት፣ ሻንጣውንም አይያዙበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተደረገውንና ያየውን ሰው ስም በዚያው ዕለት ይጻፉ። «ሰካራም ነበር» የእርስዎ አስተያየት ነው፤ «በኮሪደሩ ላይ ጠርሙስ ሰበረ» ግን ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ማተሚያ ቤት አለን። የማናምንበትን መፈክር አትሙ ብንባል እምቢ ማለት እንችላለን?

መልስ፦ መልእክቱን እምቢ ማለትና ሰውየውን እምቢ ማለት ይለያያሉ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የሰሜን አየርላንድ ዳቦ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚደግፍ ጽሑፍ ኬክ ላይ አልጽፍም ማለቱ አድልዎ አይደለም ሲል ፈርዷል፤ ጽሑፉን ማንም ቢያዝ አይሠራለትም ነበርና። እናንተም ያንኑ መፈክር የቅርብ ዘመዳችሁ ቢያመጣው ታትሙለት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የምታትሙለት ከሆነ፣ የከለከላችሁት ሰውየውን ነው። ደግሞም እምቢታችሁን ቀብድ ሳትቀበሉ ተናገሩ፤ ከተቀበላችሁ በኋላ ጉዳዩ የውል ማፍረስም ሊሆንባችሁ ይችላል።