የስኖሞቢል ጎማ ኩሽኔታ አልወጣ ሲል

የስኖሞቢልህ (በበረዶ ላይ የሚነዳው ተሽከርካሪ) ጎማ ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት፣ በመዶሻም አልወጣ ያለህ የሚቆልፈው የብረት ቀለበት ስላልተነሳ ይመስለኛል። ዝገትና ጭቃ ሲሸፍነው የጎማው አካል ይመስላል። ቀለበቱ የተቀመጠበትን ጉድጓድ በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ ቀለበቱን በፒንሳ አውጣ፤ ከዚያ ጎማውን ገልብጠህ ከተቃራኒው ጎን መትተህ አስወጣው። በእሳት አታሙቀው፣ ጎማው ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል።

አዲሱን በጎኑ በተጻፈው ቁጥር ግዛ። 6205 ከሆነ ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። በሁለቱም ጎን የላስቲክ ክዳን ያለውን ምረጥ።

ስታስገባው የምትመታበት ቡሶላ (ክቡ የብሎን መፍቻ) የሚያርፈው በኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ላይ ብቻ ይሁን። ውስጠኛውን ከመታህ ኳሶቹ መሮጫቸውን ይሰረጉዱታል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ገና ከመጀመሪያው መጮህ ይጀምራል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ስታጥብ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ወደ ኩሽኔታው አታነጣጥር። ክዳኑን አልፎ ግራሶውን ያጥባል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።